አንቲቫይረስ ልግዛ ወይስ ያለው ይበቃኛል? የቤት ኮምፒውተርን ለመጠበቅ ያሉ አማራጮች ሲነጻጸሩ

«የትኛው አንቲቫይረስ ይሻላል?» ኮምፒውተር ነክ ነገር እንደማውቅ የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቦታው ግን አንደኛ አይደለም። እስካሁን ያየኋቸውን የተበላሹ፣ የተዘረፉ፣ ፋይላቸው የተቆለፈ ኮምፒውተሮች ሳስታውስ፣ አንቲቫይረስ ስላልነበራቸው ብቻ የተጎዱት በጣም ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹ ላይ አንቲቫይረስ ነበር። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። አንዱ ለዓመታት አፕዴት አልተደረገም። ሌላው ላይ አንድ ፓስወርድ አሥር ቦታ ያገለግል ነበር። ሌላው ላይ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ክፍያው በሕገወጥ መንገድ የታለፈ፣ ፕሮግራም ተጭኗል። ባክአፕ (ሌላ ቦታ የተቀመጠ የፋይል ቅጂ) የነበራቸውማ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው አንቲቫይረሶችን ብቻ አይደለም። በየደረጃው ምን ምን ምርጫ እንዳለ አስቀምጣለሁ፤ የትኛው ለማን እንደሚስማማም የማምንበትን እናገራለሁ። ብዙው ቤት ያለው ዊንዶውስ ስለሆነ በብዛት የማወራው ስለ እሱ ነው። የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉም በፊት አንድ ጥያቄ

ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለው ነገር ምን ቢጠፋ ነው እንቅልፍ የሚነሳችሁ?

ለአንዱ የልጆቹ ፎቶ ነው። ለሌላው የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። ለሌላዋ የባንክ አካውንቷና የሥራ ኢሜይሏ ነው። ምርጫችሁን የሚወስነው መልሳችሁ ነው። ፎቶና ጽሑፍ የሚያሳስበው ሰው ከምንም በላይ ባክአፕ ያስፈልገዋል። ገንዘብ በኢንተርኔት የሚያንቀሳቅስ ሰው ፓስወርዱ ላይ ያተኩር። ኮምፒውተሩን ልጆችም አዛውንቶችም የሚጋሩት ከሆነ ደግሞ ማን ምን መጫን እንደሚችል መገደቡ ይቀድማል። ሁሉንም በአንድ ቀን አሟሉ አልልም። በሚያሰጋችሁ በኩል ጀምሩ።

አፕዴት፦ ዛሬ፣ ነገ ወይስ በጭራሽ?

በሜይ 2017 ዋናክራይ የሚባል ራንሰምዌር ዓለምን አመሰ። ራንሰምዌር ፋይሎቻችሁን በሚስጥር ቁልፍ ይቆልፍና «መክፈቻውን ከፈለጋችሁ ገንዘብ ክፈሉ» የሚል ቫይረስ ነው። ዋናክራይ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ የታካሚ ቀጠሮ ለመሰረዝ ተገደዱ። ማንም ሊንክ መንካት አላስፈለገውም፤ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በራሱ ነበር የሚዛመተው። የሚያንገበግበኝ ግን ይህ አይደለም። ማይክሮሶፍት ያንን ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው በማርች 2017 ነበር። ሁለት ወር ያህል ቀድሞ! አፕዴቱን በጊዜ የጫነ ሰው በዚያ ቀዳዳ አልተነካም።

እና ምርጫው ሦስት ነው። አፕዴቱ በራሱ እንዲገባ መተው፣ እየመረጡ በእጅ መጫን፣ ወይም መዝጋት። ብዙ ሰው የሚዘጋው ኢንተርኔት ስለሚጨርስበት ወይም ሥራ መሀል ስለሚያቋርጠው ነው። ችግሩ ይገባኛል። ግን መፍትሔው መዝጋት አይደለም። ዊንዶውስ ላይ ኮምፒውተሩን የምትጠቀሙበትን ሰዓት መንገር ትችላላችሁ፤ በዚያ ሰዓት በራሱ አጥፍቶ አይከፍትም። የኢንተርኔት መስመራችሁን «ሚተርድ» (በመጠን የሚከፈልበት) ብትሉት ደግሞ ብዙውን አፕዴት እናንተ እስክትፈቅዱ ያቆየዋል። በእጅ እመርጣለሁ የሚል ሰው ውሎ አድሮ መርሳቱ አይቀርም። ለቤት ኮምፒውተር በራሱ የሚገባው ይሻላል፤ እዚህ ላይ አልከራከርም።

ብሮውዘሩንም አትርሱ። ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ አፕዴቱን በራሱ ያወርዳል፤ ሥራ የሚጀምረው ግን ተዘግቶ ሲከፈት ነው። ሃምሳ ታብ ከፍታችሁ ለሦስት ሳምንት የማትዘጉት ከሆነ አፕዴቱ እዚያው ቆሞ ይጠብቃችኋል።

አሁን ብዙ ሰው የገጠመው የዊንዶውስ 10 ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ያቆመው ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም። አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ ግን የሚደፍንለት የለም። አማራጮቹን እንያቸው።

ዊንዶውስ 11ን የሚችል ኮምፒውተር ካላችሁ ወደዚያ ማለፍ ቀላሉ መንገድ ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ቦታና ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ቺፑ አለ፤ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው ማስተካከያ) ስለተዘጋ ነው «የለም» የሚላችሁ። መስፈርቱን ዘለው በጓሮ በር የሚጭኑም አሉ። ይሠራል። ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒውተር አፕዴት ለመስጠት ዋስትና አይገባም። ለአፕዴት ብላችሁ ተሻግራችሁ አፕዴት ካላገኛችሁ ልፋታችሁ ከንቱ ነው።

ለጊዜው መሻገር ለማይችል ሰው ማይክሮሶፍት የተራዘመ የደኅንነት አፕዴት ፕሮግራም አለው። ጊዜ መግዣ ነው፤ ቋሚ መፍትሔ አይደለም። ሦስተኛው ምርጫ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ነጻው ሊኑክስ ነው። በተለይ ሊኑክስ ሚንት ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ብዙ አይከብድም። ሥራችሁ ብሮውዘር፣ ኢሜይል፣ ቪዲዮና ጽሑፍ ከሆነ ለአሮጌ ላፕቶፕ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ የሙያ ፕሮግራም ካላችሁ ግን አይሆናችሁም። ዊንዶውስ 10 ላይ ያለ ምንም አፕዴት ከመቆየት ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ውጭ ለሆነ ሥራ ያውለው። ባንክ ግን አይክፈትበት።

አንቲቫይረስ፦ አብሮ የመጣው፣ ነጻው ወይስ የሚከፈልበት?

ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 ወዲህ፣ የራሱን አንቲቫይረስ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይሰጣል። ዲፌንደር ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደካማ ነበር፤ ሰዎች የሚንቁትም ያኔ ባተረፈው ስም ነው። ዛሬ ግን ሌላ ነው። ጀርመን ያለው ኤቪ-ቴስት እና ኦስትሪያ ያለው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ አንቲቫይረሶችን በየጊዜው እየፈተኑ ውጤቱን በነጻ ያወጣሉ። ዲፌንደር አሁን አሁን ከሚከፈልባቸው ጎን ተሰልፎ ጥሩ ውጤት ያመጣል። ለመግዛት ካሰባችሁ የሻጩን ማስታወቂያ ትታችሁ የእነዚህን ውጤት እዩ። የአንድ ወር ውጤት ብቻ ሳይሆን የዓመት ሁለት ዓመቱን ተከታትላችሁ እዩ።

ከሌላ ድርጅት የሚመጣ ነጻ አንቲቫይረስስ? እዚህ ላይ ጠንቀቅ እላለሁ። ምርቱ ነጻ ሲሆን ወጪው ከሆነ ቦታ መሸፈን አለበት። በብዛት የሚሸፈነው «የሚከፈልበትን ግዙ» እያለ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ብቅ በሚል ማስታወቂያ ነው። ከዚያ የባሰም ሆኗል። በፌብሩዋሪ 2024 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አቫስት የተባለው ታዋቂ የአንቲቫይረስ ድርጅት የተጠቃሚዎቹን የብሮውዘር መረጃ ሰብስቦ ጃምፕሾት በተባለ የራሱ ንዑስ ድርጅት በኩል ሸጧል ብሎ 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጓል። ሰዎቹ የጫኑት ከሚሰልላቸው እንዲጠብቃቸው ነበር። ስለዚህ ዲፌንደር እያለ ሌላ ነጻ አንቲቫይረስ የምትጭኑበት ምክንያት አይታየኝም።

የሚከፈልበት ጥቅል የሚሰጠው ተጨማሪ ነገር ብዙ ጊዜ አንቲቫይረሱ አይደለም። ቪፒኤን (የኢንተርኔት መስመራችሁን ከሌላ ሰው ዓይን የሚሸፍን አገልግሎት)፣ የፓስወርድ ማስቀመጫ፣ የልጆች መቆጣጠሪያ፣ ለስልክና ለማክ የሚሆን ፈቃድ አብሮ ይመጣል። እነዚህን በእርግጥ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ወይም ሲቸግራችሁ የምትደውሉለት ባለሙያ ከፈለጋችሁ፣ መክፈሉ ያዋጣል። ባለ ብዙ ኮምፒውተር ቤተሰብን አንድ ሰው ከአንድ ቦታ ሆኖ እንዲከታተል ማስቻሉም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ብዙ ጊዜ በቅናሽ ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ በሙሉ ዋጋ በራሱ ይታደሳል። ስትገዙ የእድሳቱን ዋጋ አንብቡ፤ በራሱ መታደሱንም ዝጉት።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው። አንድ ኮምፒውተር ላለው ሰው ዲፌንደር ይበቃል። ለአንቲቫይረስ ያሰባችሁትን ገንዘብ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዙበት። ለምን እንደሆነ ባክአፕ ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ላይ መጫን ጥበቃውን እጥፍ አያደርገውም። እርስ በርስ ይጠራጠራሉ፤ ኮምፒውተሩም ይንቀራፈፋል። ሁለተኛ አስተያየት ከፈለጋችሁ ማልዌርባይትስ የተባለውን የቫይረስ ፈታሽ በነጻው በኩል አንዴ አስፈትሹና ተዉት። አንድ ፋይል ብቻ ካጠራጠራችሁ ደግሞ ቫይረስቶታል የሚባለው ድረ ገጽ አለ፤ ፋይሉን ስትሰጡት በብዙ አንቲቫይረሶች አስፈትሾ ያሳያችኋል። የግል ሰነድ ግን እዚያ አትጫኑ፤ የሚገባውን ፋይል የደኅንነት ድርጅቶች ሊያዩት ይችላሉ።

ዲፌንደር ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገርም አለ። ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ ይባላል። ስትከፍቱት የማይታወቅ ፕሮግራም የሰነድና የፎቶ ፎልደሮቻችሁን እንዳይነካ ይከለክላል፤ ራንሰምዌርን ታስቦ የተሠራ ነው። ሲመጣ ዝግ ነው። አንዳንዴ ደህናውን ፕሮግራም ሁሉ ይከለክልና ያናድዳል፤ ያኔ ፕሮግራሙን ለይታችሁ ትፈቅዳላችሁ። ለፎቶ የሚሳሳ ሰው ይክፈተው።

ክራክ ወይስ ነጻ አማራጭ?

ይህን ክፍል ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። የሚከፈልበትን ፕሮግራም በክራክ መጫን ብዙ ቦታ እንደ ተራ ነገር ይታያል። ክራኩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» በሚል መመሪያ ነው። እስቲ አስቡት። የማታውቁት ሰው በሩን ክፈቱና ዘበኛውን አሰናብቱ ይላችኋል፤ እናንተም እሺ ትላላችሁ።

የዛሬ ክራክ ውስጥ ተደብቆ የሚመጣው በብዛት ኢንፎስቲለር የሚባል መረጃ የሚሰርቅ ቫይረስ ነው። ሬድላይንና ሉማ ስማቸው የታወቀ ሆኗል። እነዚህ ኮምፒውተሩን አያበላሹም፤ ድምፅም አያሰሙም። ብሮውዘር ውስጥ ያስቀመጣችሁትን ፓስወርድና ኩኪ (ድረ ገጹ መግባታችሁን የሚያስታውስበት ትንሽ ፋይል) በደቂቃዎች ውስጥ ለቅመው ይልካሉ። ኩኪው ከተወሰደ ሌባው ፓስወርድም ኮድም ሳይጠየቅ እናንተን ሆኖ አካውንታችሁ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ብዙ ሰው «ሁለተኛ ማረጋገጫ (ከፓስወርድ ሌላ የሚጠየቅ ኮድ) ነበረኝ፣ እንዴት ተጠለፍኩ?» ይላል። መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

አማራጩ ሩቅ አይደለም። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስ አለ። ለፎቶ ጊምፕ፣ ለሥዕል ክሪታ፣ ለቪዲዮ ቅንብር የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻ ቅጂ አለ። የታመቀ ፋይል ለመፍታት 7-ዚፕ፣ ለፊልምና ለዘፈን ቪኤልሲ። ለፎቶ ባለሙያ ጊምፕ ከፎቶሾፕ እኩል ነው ብዬ አልዋሻችሁም፤ አይደለም። የአንድ ሰው የባንክ አካውንት ግን ከዚያ ልዩነት ይበልጣል።

ስታወርዱም ከራሱ ከፕሮግራሙ ድረ ገጽ አውርዱ። ፈልጋችሁ ስታገኙት የመጀመሪያው ውጤት ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። ሌቦች የታወቁ ፕሮግራሞችን ስም ይዘው ማስታወቂያ ይገዛሉ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በዲሴምበር 2022 ይህንኑ አስጠንቅቆ ሰዎች ማስታወቂያ ማገጃ እንዲጠቀሙ መክሯል። ዩብሎክ ኦሪጅን ጥሩ ነው፤ ሙሉው ቅጂ ፋየርፎክስ ላይ ይሠራል፣ ክሮም ላይ ያለው ቀለል ያለው ላይት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አዲስ ማታለያ አለ። አንድ ገጽ ትከፍታላችሁ። «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» ይላችኋል። ከዚያ የዊንዶውስን ቁልፍና አርን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ከዚያ ኮንትሮልና ቪ፣ ከዚያ ኢንተር ይላል። እንዲህ ስታደርጉ ገጹ በስውር ኮፒ ያደረገላችሁን ትእዛዝ በገዛ እጃችሁ እያስኬዳችሁ ነው። ሰው መሆናችሁን ለማረጋገጥ እንዲህ የሚጠይቅ እውነተኛ ድረ ገጽ የለም። ቤት ላሉት ሁሉ ንገሩ፤ በተለይ ለልጆች።

ፓስወርድ፦ በጭንቅላት፣ በደብተር፣ በብሮውዘር ወይስ በማስቀመጫ?

በጭንቅላት የሚይዝ ሰው መጨረሻው አንድ ፓስወርድ ሁሉም ቦታ ነው። የሰው ጭንቅላት ሰማንያ የተለያየ ፓስወርድ አይዝም። አንዱ ድረ ገጽ ሲሰረቅ ሌቦች ያንኑ ኢሜይልና ፓስወርድ ሌላ መቶ ቦታ ይሞክሩታል። ኢሜይላችሁ በተሰረቁ ዝርዝሮች ውስጥ መኖሩን ትሮይ ሃንት የተባለ አውስትራሊያዊ ባለሙያ በ2013 በከፈተው ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ በሚባል ድረ ገጽ በነጻ ማየት ይቻላል። እኔ የራሴን ሳይ ደንግጫለሁ። ፈጽሞ የረሳኋቸው ድረ ገጾች ላይ ሳይቀር ተገኘ።

ደብተር ብዙ ባለሙያ ይንቀዋል። እኔ አልንቀውም። ቤት ውስጥ መሳቢያ ላይ ያለን ደብተር በኢንተርኔት የሚሰርቅ የለም። ለአዛውንት ወላጅ፣ ቴክኖሎጂ ለሚያስጨንቀው ሰው፣ ከአንድ ፓስወርድ ሁሉ ቦታ ደብተር በብዙ እጥፍ ይሻላል። ጉድለቱ ቤት የሚገባ ሰው ሊያየው መቻሉና ቢጠፋ ቅጂ አለመኖሩ ነው።

ብሮውዘር ውስጥ ማስቀመጥ ምቹ ነው፣ ነጻ ነው። ሐሰተኛ ድረ ገጽ ላይ አድራሻው ስለማይገጥም ፓስወርዱን በራሱ አይሞላም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ጉድለቱ ከላይ የነገርኳችሁ ኢንፎስቲለር መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ መሆኑ ነው።

ለዚሁ ሥራ የተሠራ የፓስወርድ ማስቀመጫ ለብዙ ሰው የተሻለው ነው። ቢትዋርደን በነጻ በስልክም በኮምፒውተርም ይሠራል። ኪፓስኤክስሲ ደግሞ ሁሉንም በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ባለ አንድ የተቆለፈ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚገኝ የሌላ ድርጅት ማስቀመጫ) የማያምን ሰው ይወደዋል፤ ግን የዚያን ፋይል ባክአፕ መያዝ የእናንተ ኃላፊነት ነው። «ማስቀመጫው ራሱ ቢሰረቅስ?» ትሉ ይሆናል። ሆኗል። በ2022 ላስትፓስ የተባለው የፓስወርድ ማስቀመጫ ተጠልፎ የደንበኞቹ ማስቀመጫ ቅጂ ተወሰደ። ፓስወርዶቹ የተቆለፉ ነበሩ። አደጋ ላይ የወደቁት በተለይ ዋና ፓስወርዳቸው አጭርና ደካማ የነበረ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ዋናው ፓስወርድ ረጅም ይሁን። ግንኙነት የሌላቸው አምስት ስድስት ቃላት ደርድሩ። ምልክትና ቁጥር ከማብዛት ርዝመት ይሻላል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2017 ባወጣው መመሪያ ርዝመትን አስቀድሞ፣ ያለ ምክንያት በየሦስት ወሩ ማስለወጥን እንዲቀር መክሯል።

ሁለተኛ ማረጋገጫውም ደረጃ አለው። በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ከምንም ይሻላል፤ ግን ሌባ በእናንተ ስም ምትክ ሲም ካርድ አስወጥቶ ኮዱን ሊቀበል ይችላል። ስልክ ላይ የሚጫን የኮድ አፕ ይህንን ያስቀራል። ስልኩ ቢጠፋ እንዳትቆለፉ የመጠባበቂያ ኮዶቹን ወረቀት ላይ ጻፉ። ሁለቱም ግን አንድ ድክመት ይጋራሉ፤ ሐሰተኛ ገጽ ላይ ኮዱን ራሳችሁ ብታስገቡት ሌባው ወዲያው ይጠቀምበታል። ፓስኪ (ስልክ ወይም ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ፓስወርድን የሚተካ ቁልፍ) እና እንደ ፍላሽ የሚሰካው የደኅንነት ቁልፍ ከእውነተኛው ድረ ገጽ አድራሻ ጋር የታሰሩ ስለሆኑ ሐሰተኛ ገጽ ላይ አይሠሩም። የምትጠቀሙበት ድረ ገጽ ፓስኪ ካለው ምረጡት። ሁሉም ቦታ ማድረግ ቢያታክታችሁ ኢሜይላችሁ ላይ ብቻ አድርጉ። የሌላው ሁሉ አካውንት ፓስወርድ የሚቀየረው በኢሜይል በኩል ነው።

ባክአፕ፦ ፍላሽ፣ ሃርድ ዲስክ ወይስ ክላውድ?

አክስቴ ፎቶ የምትወድ ሰው ናት። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዝታ የቤተሰቡን ፎቶ በሙሉ ገልብጣበታለች። ጎበዝ ናት። አንድ ነገር ብቻ አልነገርኳትም ነበር። ዲስኩ ሁልጊዜ ላፕቶፑ ላይ እንደተሰካ ነው። ራንሰምዌር ሲገባ ላፕቶፑንም ዲስኩንም አንድ ላይ ቆለፈው። የሞቱ ዘመዶቻችን ፎቶ እዚያ ውስጥ ነበር። እስከ ዛሬ አልተከፈተም። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ስለማምን ይህን ክፍል ስጽፍ አይቀለኝም።

ስለዚህ ሃርድ ዲስክ ስትመርጡ ገልብጣችሁ ንቀሉት። ተሰክቶ የሚውል ባክአፕ ከመሣሪያ ብልሽት ያድናል፤ ከራንሰምዌር ግን አያድንም።

ክላውድ ቤት ቢቃጠል፣ ላፕቶፕ ቢሰረቅ ያድናል። ጉድለቱ ኢንተርኔት መብላቱና ሲሞላ በየወሩ መክፈል መኖሩ ነው። አንድ የተሳሳተ ግንዛቤም አለ። ፎልደርን ከክላውድ ጋር ማመሳሰል ባክአፕ አይደለም። ኮምፒውተሩ ላይ ስታጠፉት እዚያም ይጠፋል፤ ሲቆለፍም የተቆለፈው ይሄዳል። የሚያድነው አገልግሎቱ የድሮውን ቅጂ ማቆየቱ ነው። ለምሳሌ ጉግል ድራይቭ ያጠፋችሁትን ፋይል ትራሽ ውስጥ 30 ቀን ያቆየዋል። ከዚያ በኋላ የለም። ስለዚህ ክላውድ ስታነጻጽሩ ከስፋቱ በፊት የድሮ ቅጂ ለስንት ቀን እንደሚያቆይ ጠይቁ።

ፍላሽ ፋይል ማመላለሻ ነው። ይጠፋል፣ ይበላሻል፣ ከሰው ኮምፒውተር ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ብቸኛ ባክአፕ አታድርጉት።

ባለሙያዎች 3-2-1 የሚሉት አሠራር አለ። ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። አባቶቻችን በአጭሩ ብለውታል፦ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል። ለቤት እንዲህ ይሁን፦ ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ አለ፤ በወር አንዴ የሚሰካና የሚነቀል ሃርድ ዲስክ ላይ አለ፤ በጣም የሚያስፈልገው ደግሞ ክላውድ ላይ አለ። ከባክአፑ አንድ ሁለት ፋይል መልሳችሁ በመክፈትም ሞክሩት። ያልተሞከረ ባክአፕ አለ አይባልም።

ሳይከፈልባቸው ብዙ የሚጠቅሙ ትንንሽ ነገሮች

በየቀኑ የምትጠቀሙበት አካውንት አድሚኒስትሬተር (ሁሉንም መጫንና መቀየር የሚችል) አይሁን። ለመጫን ብቻ የሚከፈት ሌላ አካውንት አድርጉና የዕለቱን ሥራ በተራው አካውንት ሥሩ። ልጅ አንድ ነገር ሊጭን ሲል ፓስወርድ ይጠይቀዋል፤ ወደ እናንተ ይመጣል።

የፋይል ቅጥያ (ከስሙ ኋላ የሚመጣው፣ የፋይሉን ዓይነት የሚያሳየው) እንዲታይ አድርጉ። በሜይ 2000 ዓለምን ያጥለቀለቀው አይ ላቭ ዩ የተባለው ቫይረስ የፍቅር ደብዳቤ የጽሑፍ ፋይል መስሎ ነበር የሚመጣው። ፕሮግራም መሆኑን የሚያሳየውን የመጨረሻውን ቅጥያ ዊንዶውስ ይደብቀው ነበር። ዛሬም ሳትነኩት ይደብቀዋል።

ራውተራችሁ (ዋይፋይ የሚሰጣችሁ ሳጥን) አብሮት የመጣውን የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ቀይሩ። በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ብዙ ሺህ ራውተሮችንና ካሜራዎችን የያዘው ከፋብሪካ የወጡበትን ፓስወርድ በመሞከር ብቻ ነው። ዋይፋዩን ደብልዩፒኤ3 የሚባለው መቆለፊያ ካለው በእሱ፣ ከሌለው በደብልዩፒኤ2 ቆልፉት። እዚያው ራውተሩ ላይ ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ ቁጥር የሚቀይረውን አገልግሎት) ወደ ኳድ9 ብትቀይሩት፣ አድራሻው 9.9.9.9 ነው፣ የታወቁ አደገኛ ድረ ገጾችን ለቤቱ ሁሉ ያግዳል። አዋቂ ብቻ የሚያየውንም ማገድ ለሚፈልግ ወላጅ የክላውድፍሌር 1.1.1.3 አለ። ሁለቱም ነጻ ናቸው።

ቪፒኤንስ? ቪፒኤን ቫይረስ አያስቆምም፤ ሐሰተኛ ገጽ ላይ ፓስወርድ ከማስገባትም አያግድም። የሚያደርገው የኢንተርኔት አቅራቢያችሁና ዋይፋዩን የሚጋራው ሰው የምትሄዱበትን እንዳያዩ መሸፈን ነው። ያንን ፈልጋችሁ ከሆነ ጥሩ። ለደኅንነት ብቻ ከሆነ ግን ቅድሚያ አይሰጠውም። ነጻ ቪፒኤን ላይ ደግሞ ስለ ነጻ አንቲቫይረስ ያልኩት ሁሉ ይሠራል፤ ያውም በባሰ።

ማክ ያላችሁ ሰዎች፣ ኤክስፕሮቴክትና ጌትኪፐር የሚባሉ መከላከያዎች አብረውት ይመጣሉ። ለብዙው ሰው ይበቃሉ። «ማክ ቫይረስ አይነካውም» የሚለው ግን ትክክል አይደለም፤ ፓስወርድ የሚለቅሙ ቫይረሶች ለእሱም ተሠርተዋል። ስለ ክራክ፣ ስለ ፓስወርድና ስለ ባክአፕ ያልኩት ሁሉ እናንተንም ይመለከታል።

ከተያዘስ፦ ማጽዳት ወይስ ከአዲስ መጫን?

ማስታወቂያ የሚያበዛ ተራ ነገር ከሆነ ማጽዳት ይበቃል። ዲፌንደር ውስጥ ኦፍላይን ስካን የሚባል አለ፤ ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ የተደበቀውንም የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ኢንፎስቲለር ወይም ራንሰምዌር ከሆነ ግን ማጽዳት አልመክርም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። ዲስኩን አጥፍታችሁ ዊንዶውስን ከአዲስ ጫኑ። አድካሚ ነው፤ ከጥርጣሬ ጋር ከመኖር ግን ይቀላል።

ፋይላችሁ ከተቆለፈ አትክፈሉ። ቢከፈልም ቁልፉ ለመምጣቱ ዋስትና የለም። በ2016 የኔዘርላንድስ ፖሊስ፣ ዩሮፖልና የደኅንነት ድርጅቶች አብረው የከፈቱት ኖ ሞር ራንሰም የሚባል ድረ ገጽ ለብዙ ዓይነት ራንሰምዌር መክፈቻ በነጻ ይሰጣል። ለእናንተው ዓይነት ዛሬ መክፈቻ ከሌለ የተቆለፉትን ፋይሎች አታጥፏቸው፤ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። መክፈቻው ከዓመታት በኋላ የተገኘላቸው ሰዎች አሉ። የአክስቴን ዲስክ እኔ ዘንድ አስቀምጬዋለሁ፤ በየጥቂት ወሩ ድረ ገጹን እያየሁ ነው።

ፓስወርዶቻችሁን ስትቀይሩ ደግሞ በተያዘው ኮምፒውተር አይሁን። በስልካችሁ ወይም በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ሥሩት። ኢሜይሉን አስቀድሙ፣ ቀጥሎ ባንኩን፣ ከዚያ ሌላውን። በየአካውንቱ «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውንም ተጫኑ። ፓስወርድ መቀየር ብቻውን የተሰረቀ ኩኪን ሁልጊዜ አይሽረውም።